ስምንት ቁጥር መፍቻ

ባለፈው ጥቅምት አንድ ፒያኖ ቃኚ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር። ፒያሳ ያለው አሮጌው አዳራሽ ታድሶ ሊከፈት ነው ተባለና፣ «የፒያኖውን ጠባይ የምታውቀው እሷ ናት» ብለው እኔንም ጠሩኝ። ቃኚው የፊት ሳንቃውን አውርዶ፣ የእጅ ባትሪውን በጥርሱ ነክሶ ፒያኖው ሆድ ውስጥ አጎንብሷል። እኔ ከጀርባው ወንበር ስቤ፣ ያስመጣሁለት ሻይ እየቀዘቀዘ፣ በመስኮቱ የሚገባውን ፀሐይ እሞቃለሁ። ከክረምት በኋላ ያለው የጎንደር ፀሐይ ለአጥንት መድኃኒት ነው፤ በተለይ እንደኔ ጉልበቷ መንቋቋት ለጀመረ ሴት።

ድንገት ባትሪውን ከአፉ አወጣና ሳቀ።

«እትዬ ትርንጎ፣ እነዚህን መቃኛዎች ማነው በመኪና መፍቻ የታገላቸው?»

መቃኛ የሚላቸው የፒያኖው ሽቦዎች የሚጠመጠሙባቸውን፣ ራሳቸው አራት ማዕዘን የሆነ አጫጭር ብረቶች ነው። ከሁለት መቶ በላይ ናቸው። ከዚያ ሁሉ መካከል ጎን ለጎን የቆሙ ሦስቱ ብቻ ጥግ ጥጋቸው ተበልቷል፤ የአንዷ ሽቦ ደግሞ ጭራሽ የለም።

«የድሮ ሰው ይሆናል» አልኩት። ውሸት አልተናገርኩም። እኔም የድሮ ሰው ሆኛለሁ።

አንዷን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ዝገት የበላት፣ ከጣት የማትረዝም ብረት ናት። «በአዲስ እተካታለሁ፤ ይህቺን ለመታሰቢያ ይውሰዷት» ብሎ ቀለደ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ በኋላ ያወራልኝን ሁሉ አልሰማሁም።

አባቴ የዚያ አዳራሽ ዘበኛ ነበር። ዘበኛ ይባል እንጂ ጠራጊውም፣ ወንበር ደርዳሪውም እሱ ነበር። ፒያኖውን ጣሊያን ትቶት ሄደ ይባላል። ጎንደር ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ አሮጌ ነገር ሁሉ ወይ የነገሥታቱ ነው ወይ የጣሊያን፤ ስለዚህ ብዙም አልተከራከርንም። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጥና ቁልፎቹ እንደተጫኑ ይቀራሉ። ያን ጊዜ አባቴ ከሰል አቀጣጥሎ ማንደጃውን ከሥሩ ያስቀምጥለታል። «ብርድ መትቶታል» ይላል፣ ስለ ታመመ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው። ቀን ቀን ከእሱ ጋር ስለምውል፣ በአንድ ጣቴ የሠርግ ዘፈን ከፒያኖው ላይ እየፈለግሁ አደግሁ።

መምህር ከበደ ያገኘኝ እንደዚያ ስፈልግ ነው። ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሊያስተምር ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ውጭ አገር ቫዮሊን የተማረ፣ ማራኪ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን የሚኖር ቀጭን ሰው ነበር። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። «በአንድ ጣት ይህን ያህል ካገኘሽ በአሥሩ ምን ልታገኚ ነው?» አለኝና ከዚያ ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን አስተማረኝ። ኖታ ማንበብ፣ ጀርባን ማቅናት፣ ጥፍርን ማሳጠር። ያለኝን ነገር ሁሉ የሰጠኝ እሱ ነው፤ ይህን መጀመሪያ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም በኋላ ስለ እሱ የምለው ጥሩ አይደለም።

አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ቡድን አቋቋመ። «ቻምበር ይባላል» አለን። «ክፍል ማለት ነው። ትልቅ ኦርኬስትራ አይደለም፣ ዱላ የሚያወዛውዝ መሪ የለውም። ሦስት አራት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ እርስ በርሱ እየተደማመጠ የሚጫወተው ነው። የማይሰማ ሰው እዚህ ቦታ የለውም።» እሱ ቫዮሊን ይጫወታል፣ እኔ ፒያኖ። ናትናኤል የሚባል ሕክምና ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ቼሎ የሚባለውን ትልቅ ቫዮሊን ተሸክሞ የመጣ ዝምተኛ ልጅ፣ ሦስተኛችን ሆነ። አራተኛው ማሩ ነው።

ማሩ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን አካባቢ የመጣ የአዝማሪ ልጅ ነበር። ዕድሜው ሃያ ቢሆን ነው። መምህር ከበደ አንድ ሠርግ ላይ ማሲንቆ ሲመታ ሰምቶት፣ ምግቡን ትቶ ተነስቶ፣ እጁን ይዞ አመጣው። ጋቢውን እንደተከናነበ አዳራሹ ገባ፤ ፒያኖውን ዞሮ ዞሮ አየው፤ ከኋላው ያለውን አቧራ ሳይቀር በጣቱ ነካ።

«ይህ ሁሉ እንጨት ለስንት ሰው ነው?» አለኝ።

«ለአንድ ሰው።»

«ምነው? እኔ በአንዲት የፈረስ ጭራ አገር አዳርስ የለ!»

መምህሩን «አያ ከበደ» ብሎ ጠራው፤ በአገሩ ትልቅ ሰው እንደዚያ ነው የሚጠራው። ናትናኤልና እኔ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። መምህሩም የመጀመሪያ ሰሞን ደስ ብሎት ይስቅ ነበር።

በቡድናችን አንድ ሕግ ነበረ። ሁላችንም ድምፃችንን የምናስተካክለው ከፒያኖው ነው። ቫዮሊንና ቼሎ በደቂቃ ይቃኛሉ፤ ፒያኖ ግን ቃኚው አዲስ አበባ ነው፣ በዓመትም በሁለት ዓመትም አይመጣም። «እኛ ከፒያኖው እንወስዳለን፤ ፒያኖው ከማንም አይወስድም» ይላል መምህሩ። ማሩ ግን ማሲንቆውን የሚቃኘው ከራሱ ጉሮሮ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ በቀስታ ያንጎራጉራል፤ አባቱ ያወረሰው ድምፅ ነው። ከዚያ ጭራዋን ያጠብቃል። ያንኑ ድምፅ ፒያኖው ላይ ስመታለት የሱ ጭራ ሁልጊዜ እዚያው ነበረች፣ አንድም ቀን ስታ አታውቅም። መምህሩ ይህን እያየ በግርምት ጭንቅላቱን ይነቀንቅ ነበር። ያኔ እንዲህ ነቅንቆ እንደነበር በኋላ ረሳው።

ዜማውንም ያመጣው ማሩ ነው። አባቱ ገብስ ሲሰበሰብ የሚመታት፣ ቃል የሌላት፣ ረጋ ያለች ዜማ ነበረች። መምህሩ አንድ ክረምት ሙሉ ተቀምጦ ለአራታችን ጻፋት። መሐሏ ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቫዮሊኑ ይቆማል፣ ቼሎው ይቆማል፣ እኔ ሬ የምትባለውን አንዲት ኖታ ብቻ መትቼ እይዛለሁ። የፒያኖ ድምፅ ከተመታ በኋላ እየሞተ ነው የሚሄደው። ማሩ በዚያችው በምትሞተው ሬ ላይ፣ ከሥሯ፣ ቀስ ብሎ ይገባል፤ የኔ ስትጠፋ የሱ ብቻ ይቀራል። መቼ እንደጠፋሁና መቼ እሱ እንደቀረ እኔ ራሴ አላውቀውም ነበር። መጀመሪያ የሠራናት ቀን አባቴ መጥረጊያውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

ከልምምድ በኋላ እዚያው ፒያሳ ፓስቲ በሻይ እንበላለን። ማሩ ከአገሩ የመጣለትን የገብስ ቆሎ በኪሱ ይዞ ስለሚዞር ሻዩን በቆሎ ነበር የሚጠጣው። አንድ ቀን እንዲህ አለኝ፤ «ትርንጎ፣ አንቺ እጅሽን ትሰሚያለሽ እንጂ ድምፁን አትሰሚም።» ተናደድኩ። ኖታ ማንበብ የማይችል ሰው! ማታ ቤቴ ገብቼ ግን ልክ መሆኑን አወቅሁ፤ ልክ መሆኑም ጭራሽ አናደደኝ። እንግዲህ ይህንንም ልናገረው፦ እወደው ነበር፣ እቀናበትም ነበር። ሰው ልምምዳችንን ሊያይ ሲመጣ ዓይኑ የሚሄደው ወደ እሱ ነው። እኔ አራት ዓመት ጀርባዬን ያቀናሁት ለዚህ ነበር እንዴ እያልኩ እብሰለሰል ነበር።

መስከረም ላይ ትልቅ ዜና መጣ። ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄደን እንድንጫወት ተጠራን። የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሰዎች መጥተው ይሰማሉ ተባለ። መምህሩ ማሩንና እኔን ለብቻ ጠርቶ፣ «ናትናኤል ሐኪም ሊሆን ነው። ለእናንተ ለሁለታችሁ ግን እዚያ የትምህርት ቦታ እጠይቃለሁ። በደንብ ከተጫወታችሁ አይከለክሉኝም» አለን። ማሩ ወሬው ደንቆት መሬት መሬት ያይ ነበር። አባቱ ወደ ጎንደር ሲሸኘው፣ «ሰው ከሆንክ ሁን፤ ካልሆንክ በሬው ይጠብቅሃል» ብሎት ነው የመጣው።

ከዚያ መምህሩ የዝግጅቱን ወረቀት በታይፕ አስመትቶ አመጣ። የአራታችንም ስም ተጽፏል። ማሩ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ እኔ ዘረጋው።

«የትኛው ነው የኔ?»

በጣቴ አሳየሁት። «ማሩ፣ ማሲንቆ ይላል።»

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩለት። «ሸጋ» አለና አራት ቦታ አጥፎ ደረቱ ውስጥ ከተተው። አያቱም አባቱም ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲያዝናኑ ስማቸው ተጽፎ አያውቅም፤ «አዝማሪው» ነው የሚባሉት።

ክረምቱ እንደወጣ ያቺ ሬ ታመመች። እያንዳንዱ የመሐል ቁልፍ ሦስት ሦስት ሽቦ አለው፤ ከሬዋ ሦስት ሽቦዎች አንዱ ትንሽ ረግቦ ስመታት እንደ ዝንብ ትነዝር ጀመር። መምህሩ ሰማትና፣ «ተያት፤ ብዙም አትታወቅም። ማንም እንዳይነካት! ሽቦው አርጅቷል» አለ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። በዚያች በአንዲት ድምፅ ነው ሁሉም ሰው ዝም ብሎ እኔን የሚሰማኝ። ለማሩ ዝንብ ላስረክበው ነው?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ሰኢድ ሱቅ ሄድኩ። ጋሽ ሰኢድ ፒያሳ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። «ትንሽ መፍቻ ያውሱኝ» አልኳቸው።

«ለምኑ ነው ልጄ?»

«ለፒያኖው።»

«ፒያኖም ብሎን አለው እንዴ!» ብለው እየሳቁ ስምንት ቁጥር አወጡልኝ።

እሑድ ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ አዳራሹን ከፍቼ ገባሁ። ሳንቃውን አውርጄ መቃኛዋን አገኘኋት፤ መፍቻውን አስገባሁ። አልገጠመም፤ ትንሽ ይሰፋል። በመሐረብ ጠቅልዬ አጠበቅሁት፤ በትንሹ ዞረ። መታሁት፤ ዝንቧ ቀነሰች። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ልጨምር ብዬ ሳብኩት፣ ሽቦው ጧ ብሎ ተበጥሶ እጄን ገረፈኝ።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏታል እንደኔ ያለችውን። የቀሩት ሁለት ሽቦዎች ሲንቀጠቀጡ አይቼ እነሱም ሊበጠሱ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ቶሎ ብዬ አላላኋቸው። ከዚያ ወደነበሩበት ልመልሳቸው ስል መፍቻው ይንሸራተታል፤ ብረቱን ይበላዋል እንጂ አያዞረውም። መምህሩ ድምፅ የምትለካ መርፌ ያላት ትንሽ መሣሪያ ሰጥቶኝ ነበር። አስጠግቼ ሬዋን መታሁ። መርፌዋ ወደ ግራ ዘመመች፤ ድምፁ ወርዷል። ብዙ አይደለም። ብቻዋን ስትመታ ማንም አያውቅባትም። ከሌላ ድምፅ ጋር አንድ ላይ ስትያዝ ግን ጥርስ ታፋጫለች። የተበጠሰውን ሽቦ ጠቅልዬ ቀሚሴ ኪስ ከተትኩ፤ ሳንቃውን መለስኩ።

ሰኞ ሰኞ ቁልፎቹን አንድ በአንድ በዚያች መሣሪያ ለክቼ ደብተር ላይ መጻፍ የኔ ሥራ ነበር። ከሬዋ ፊት ለፊት «ደህና» ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ ልምምድ ሆነ። ሌላው ቦታ ላይ ያቺ ድምፅ በፍጥነት ስለምታልፍ አልታወቀችም። መሐሉ ደረሰ። ሁሉም ቆመ። ሬን መትቼ ያዝኩ። ማሩ ዓይኑን ጨፍኖ ገባ፤ ፊቱም ወዲያው ተቋጠረ። ሁለቱ ድምፆች እየተፋተጉ አዳራሹን ሞሉት። ዓይኑን ከፍቶ አየኝ። እኔ ኖታዬን አየሁ።

«ማሩ፣ ከፍ ብለሃል» አለ መምህሩ።

«አላልኩም አያ ከበደ።»

እንደገና ጀመርን። እንደገና ያው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን መምህሩ ቫዮሊኑን አስቀምጦ ወደኔ መጣና በአንድ ጣቱ ሬዋን መታት። ጆሮውን አዘነበለ።

«ትንሽ የወረደች መሰለችኝ» አለ ለራሱ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ «ትናንት ለክተሻታል?»

«ለክቻታለሁ።»

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት።»

ደብተሩን አየ፤ በእጄ የተጻፈውን አየ። ጆሮውን ጥሎ ደብተሩን አመነ። አንዲት ቃል ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ግን ልመልሳት ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ረቡዕ ነበረኝ፣ ሐሙስም ነበረኝ።

በእነዚያ ቀናት ማሩ ድምፁን ወደ ሬዋ ሊያወርድ ታገለ። ጣቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ትንሽ ይቆይና ጆሮው ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ላቡ በግንባሩ ይወርድ ነበር። «እጄ እምቢ አለኝ» ይላል። ሐሙስ ዕለት ናትናኤል ከዝምታው ወጥቶ፣ «መምህር፣ ምናልባት ፒያኖው ቢሆንስ?» አለ።

«ፒያኖው በመሣሪያ ተለክቷል» አለ መምህሩ። «የእሱ ጆሮ በምን ተለካ?»

ዓርብ ዕለት መምህር ከበደ ማሩን ቁጭ አድርጎ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረው። አለመቆጣቱ የባሰ ነበር። «ማሩ፣ አንተ ጥሩ አዝማሪ ነህ። ይህ ግን ሌላ ሥራ ነው። እዚያ የሚሰሙን ሰዎች ጆሯቸው ስለት ነው። ያንን ቦታ እኔ በቫዮሊን እገባበታለሁ።»

«ዜማው የአባቴ ነው» አለ ማሩ።

«ዜማው ይቆያል» አለ መምህሩ።

ማሩ ወደ አገሩ ሊመለስ መሆኑን ሰምቼ ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ገዝቼ መናኸሪያ ሄድኩ። እውነቱን ልነግረው ነበር የሄድኩት፤ ቢያንስ ለራሴ እንደዚያ ብያለሁ። ወደ ደባርቅ የሚሄደው አውቶቡስ ላይ ጆንያ ይጫናል፣ ረዳቱ ይጮሃል፣ የዓመቱ የመጀመሪያ ውርጭ በየሰው አፍ ላይ ይጨሳል። ማሩ ማሲንቆውን በጋቢ ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ይዞ በመስኮቱ በኩል ተቀምጧል። ዳቦውን አቀበልኩት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

«ትርንጎ፣ አንዲት ነገር ልጠይቅሽ» አለኝ። «እነሱ አያውቁም። አንቺ ነሽ አብረሽኝ የነበርሽው። ያቺ የፒያኖሽ ድምፅ ልክ ነበረች?»

እውነቱን ብናገር ዛሬውኑ ከአውቶቡሱ ወርዶ ይመለሳል። መምህሩ ደብተሩን ያወጣል። አባቴ ልጁ የመንግሥት ዕቃ ሰብራለች ተብሎ ከሥራው ይባረራል። ለብዙ ዓመታት «ለአባቴ ብዬ ነው» እያልኩ ኖሬያለሁ። አይደለም። አባቴን ማንም አያባርረውም ነበር። የፈራሁት ወንበሬን ነው። አንድ ቦታ ብቻ ቢሰጡንስ? ያኔ ማንን ይወስዳሉ?

«ልክ ነበረች» አልኩት።

ጭንቅላቱን ደጋግሞ ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ አልያዘም፤ አንድ ከባድ ነገር እንደተረዳ ሰው ዓይኑ ረጋ። «እንግዲያ ጆሮዬ ነው» አለ። «አባቴም በስተርጅናው ጆሮው ከድቶት ነበር። እኔን ግን ምነው በሃያ ዓመቴ!»

ከደረቱ ያቺን አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አውጥቶ በመስኮቱ ሰጠኝ። «ይህን አያ ከበደ ይፈልገው ይሆናል» አለኝ። አውቶቡሱ ተነሳ።

ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ሄድን። መድረኩ ላይ የነበረው ፒያኖ ጥቁር፣ ረጅም፣ አንድም ጉድለት የሌለበት ነበር። ከዝግጅቱ በፊት ልሞክረው ተቀምጬ መጀመሪያ የመታሁት ሬን ነው። የማሩ ድምፅ ነበረች። እሱ ሦስት ቀን ሙሉ ላብ እየወረደው ሲይዛት የነበረችው፣ ያቺው ራሷ። መምህሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። እሱም ሰማ። ዞሬ ሳየው ፊቱ አመድ መስሏል። ተጫወትን፤ ሰው ቆሞ አጨበጨበልን፤ እኔም ትምህርት ቤት ገባሁ።

ስንመለስ ዓባይ በረሃን እየወረድን፣ ዓይኑን ከገደሉ ላይ ሳይነቅል ጠየቀኝ። «ያን ሰኞ ለክተሻት ነበር?»

«ለክቻት ነበር።»

ሌላ አልጠየቀኝም። ወደ ጃናሞራም ሰው አልላከም። ቢልክ ኖሮ እሱም መሳሳቱን መናገር ነበረበት። እኔ ወንበሬን፣ እሱ ስሙን ጠበቅን፤ እስኪሞትም ድረስ ስንገናኝ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የምናወራው።

ትምህርቴን ጨርሼ ጎንደር ተመለስኩ። ልጆች አስተምራለሁ። ጥሩ አስተማሪ ናት ይሉኛል። «ተደማመጡ» እያልኩ እጮሃለሁ፣ መምህሬ እንደሚለው። ከሁለት ዓመት በፊት ከመካነ ብርሃን የመጣ አንድ ተማሪ አግኝቼ እንደዋዛ ስለ ማሩ ጠየቅሁት። «አያ ማሩን? ጎረቤታችን ነው» አለኝ። «የአዝማሪ ዘር ነው፣ ማሲንቆ ግን አይነካም። ሠርግ ላይ ሲለምኑት፣ ጆሮዬ ዋሾ ነው፤ ሰው ፊት አልዋረድም ይላል። አንድ ልጁ ማሲንቆ ሰርቶ ቢያመጣ በእግሩ ረግጦ ሰበረበት።» የማሩን ልጅ የስልክ ቁጥር ሰጠኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልኬ ውስጥ ተቀመጠ። መንገዱ ክፉ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ የአዝመራ ወቅት ነው እያልኩ አንድም ቀን አልደወልኩም። ምክንያት አጥቼ አላውቅም።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት፣ ያቺ ብረት ቦርሳዬ ውስጥ፣ ቃኚው አዲስ ሽቦ ወጥሮ ሲጨርስ፣ ሬን ሦስት ጊዜ መታት። ጥርት ብላ ወጣች። ከውጭ ባጃጅ ይጮሃል፣ እሷ ግን አዳራሹን ሞላችው። አባቴ ሞቷል። መምህሩ ሞቷል። ጋሽ ሰኢድም የሉም፤ ሱቃቸውን ልጃቸው ይዞታል። የምደብቅለት ሰው አልቀረም። ስልኬን አወጣሁ።

ልጁ አነሳና ሮጦ ለአባቱ ሰጠው። ነፋስ ይሰማኛል፣ ከብት የሚጠራ ሰው ይሰማኛል።

«ማን ልበል?»

«ትርንጎ ነኝ፤ የጎንደሯ። የፒያኖዋ።»

«ትርንጎ!» ብሎ ጮኸ፤ ጤናዬን፣ ልጆቼን፣ የጎንደርን ዝናብ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ገብሱን በረዶ መትቶበት እንደነበር፣ ግን እንደተረፈለት ነገረኝ። ድምፁ ጎርንኗል፤ ሳቁ ያው ነው። እኔ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ተናገርኩ። መፍቻውን፣ የተበጠሰውን ሽቦ፣ ደብተሩን፣ መናኸሪያውን። «ጆሮህ ልክ ነበር ማሩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ቀስ ብሎ ሲስቅ ሰማሁት።

«ምነው ትርንጎ፣ ይህን ለማለት ነው የደወልሽ?»

«እውነቴን ነው!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። አዝኖ ቀርቷል ብለሽ ልታጽናኚኝ ነው። ያኔም ዳቦ ይዘሽ የሸኘሽኝ አንቺ ነሽ፣ ሌላ ማን መጣ? ተይው እህቴ። እኔ ከነገሩ ጋር ከታረቅሁ ብዙ ጊዜዬ ነው።»

ቃኚውን «ሬን ምታልኝ!» አልኩት። ግራ ገብቶት መታ። ስልኩን ሽቦው አጠገብ ወስጄ ያዝኩት። «ይኸው ስማ! አንተ ያኔ የያዝካት ይህቺን ነው!»

ድምፁ እየሞተ እየሞተ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ አላቋረጠኝም።

«ሸጋ ናት» አለ በመጨረሻ። «ያኔም እንዲህ ነበረች፤ እኔ ነኝ ያልሰማኋት። አንቺው ነግረሽኝ የለ፤ አንቺ መቼ ዋሽተሽ ታውቂያለሽ? እግዜር ይስጥልኝ፣ ደግ ሰው ነሽ።»

ከብቶቹ ከእህል ገቡ መሰለኝ፣ በችኮላ መርቆኝ ዘጋው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እየተባልን አድገናል። ስዋሽ ያመኑኝ ሰዎች ሁሉ ትዝ አሉኝ፤ ደብተሬን ያየው መምህር፣ በመስኮት የጠየቀኝ ማሩ። እውነቱን የተናገርኩት አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን የሚያምነኝ አጣሁ።

ቃኚው መሣሪያውን እየሰበሰበ፣ «ማን ነበር እትዬ?» አለኝ።

«አብሮኝ ይጫወት የነበረ ሰው ነው» አልኩት።

«ሙዚቀኛ ነው?»

«ገበሬ ነው» አልኩና ሳንቃውን ሲገጥም ያዝኩለት።